ለይመር የተነፋ ጥሩንባ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ የሰው ጤና የሚታወቀው በበሩ ነበር። በየአጥሩ መግቢያ፣ ድሮ የቤት ቁጥር ይለጠፍበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ጡጫ የምታህል መብራት አለች። የቤቱ አባወራ ክንድ ላይ የታሰረው አምባር የዕለቱን ድካም ከጨረሰ መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች። ሰውዬው ሲሰንፍ ቢጫ፣ ስንፍናው ሲደጋገም ቀይ። አምባሩን ለመተኛት ወይም ለመታጠብ ያወለቀ እንደሆነ መብራቷ ትደበዝዛለች እንጂ ቀለሟን አትለውጥም። ነጭ የምትሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አምባሩ የታሰረበት ክንድ የደም ሥሩ መምታቱን ያቆመ ዕለት። ያኔ ጥሩንባ ይነፋል።

ይህን ያመጣው መንግሥት አይደለም፤ ቅሬው ነው። በሌላው አገር እድር የሚሉት፣ ወሎ ቅሬ የሚለው። ዘመኑን ሁሉ ሬሳ ሲያነሳና ሲቀብር የኖረ ማኅበር፣ አባላቱ በስኳርና በደም ግፊት ገና በጉልምስናቸው እየረገፉ ሲያስቸግሩት፣ ከመቅበር መጠበቅ ይሻላል ብሎ ወሰነ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነበርና የተቃወመ አልነበረም። መቃብር ይቆፍሩ የነበሩት ጎልማሶች ማለዳ ማለዳ በር እያንኳኩ ሰዉን ወደ ሆጤ ሜዳ መንዳት ጀመሩ። አምባሩ ሲመጣ አባላቱ ሁሉ እንዳያታልሉ ማሉበት፤ ለመሃላ ሲባል አምባሩ የራሱ ነው ወይ ብሎ ማንም የማንን ክንድ አይፈትሽም።

ሰው ቶሎ ለመደው። ቅቤ ነጋዴዋ ቅቤ ከመመዘኗ በፊት የገዢውን በር ትጠይቃለች። ሠርግ ላይ የሚያጎርስ ሰው፣ ጉርሻውን እንደያዘ የጎራሹን ክንድ ገልበጥ አድርጎ ያያል፤ አምባሩ ላይ ያለችው ነጥብ ከቀላች እንጀራው ወደ ትሪው ይመለስና በቅጠል የተጠቀለለ ጎመን ይመጣል። ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ቀይ ወደበራበት ቤት የሚገባ እንግዳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የታመመ ሊጠይቅ የመጣ ይመስል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚደረገው በፍቅር ነበር።

ይመር አበጋዝ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር፣ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ሥራው የከተማዋን የውሃ መስመሮች በስክሪን መከታተል ነበርና ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚውለው። በጉርምስናው ለአረፋ የተገዛ በግ ትከሻው ላይ ጭኖ ዳገቱን ሳያርፍ ይወጣ ነበር፤ ያዩት ሁሉ አሁንም ያወሩታል። ያ ሰውነት መቼ እንደከዳው ራሱም አያውቅም። አንድ ቀን ጫማውን ለማሰር ሲጎነበስ ትንፋሹን እንደያዘ ተገነዘበ። ጫማ ለማሰር ትንፋሽ መያዝ የጀመረው መቼ ነው?

ሆጤ ወርዶ ሞክሮ ነበር። የቅሬው ደንብ ወደ ኋላ የቀረን ሰው ጥሎ አለመሄድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሜዳውን ዞረው ሲጨርሱ ቆመው ይመርን ይጠብቁታል። ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ያጨበጭቡለታል። "ጎበዝ ይመር፣ በርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ነው የቀረህ" ይሉታል። ፊቱ በላብ ርሶ፣ ቦርጩ ካናቴራውን ገፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል እየተንገዳገደ ሲደርስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ቢሳደቡ ይሻለው ነበር። ከጊዜ በኋላ ጉልበቴን አመመኝ አለና ቀረ። በሩም ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ቀላ።

የጓሮ ጎረቤቱ አያ ሰይድ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጦሳን ተራራ ደን ሲጠብቁ የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ተራራውን መተው ያቃታቸው፣ እንደ ጅራፍ የቀጠኑ ሽማግሌ። በየማለዳው ጦሳን ወጥተው ይወርዳሉ። ሲመለሱ በጓሮ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው ይመርን ካላሾፉበት ቁርሳቸው አይወርድላቸውም።

"ይመርዬ፣ ዛሬም በርህ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ አደረ እንዴ?"

"ተዉኝ እስቲ አያ ሰይድ።"

"እኔስ እተውሃለሁ። ቅሬው ነው የማይተውህ።"

ይመር አልሳቀም። አጥሩን ይዞ አንገቱን ደፋ።

"ትናንት ለራህመት ሽማግሎች መጥተው ነበር" አለ።

"እሰይ። ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

"በሩ ድረስ መጥተው መብራቷን አዩ። አባቷ እንዲህ ከሆነ ልጅቷም ነገ እንዲሁ ናት ሳይሉ አይቀሩም። 'ሌላ ቀን እንመለሳለን' ብለው ሄዱ። ቁጭ እንኳ አላሉም።"

"ልጅቷስ ምን አለች?"

"ምንም። ምንም አለማለቷ ነው የገደለኝ።"

አያ ሰይድ ቀጭን ክንዳቸውን በአጥሩ ላይ አሳልፈው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አምጣ።"

"ምኑን?"

"አምባሩን ነዋ። ቦርጭህን አላልኩህ፣ እሱን ማን ያነሳዋል።"

"አያ ሰይድ፣ ይኼ እኮ የቅሬ ነገር ነው። ምለንበታል።"

"የማልነው ሰው ላንጥል ነው። ተራራው ለኔ ጓሮዬ ነው፤ አንዴ ወጣሁት ሁለቴ ወጣሁት ማንን ይጎዳል? ሽማግሎቹ እስኪመለሱ፣ አንተም እግርህን እስክታፍታታ ነው። ሳምንት ቢሆን ነው። አብሽር።"

ሁለት አምባር ባንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ይንጫጫል። ስለዚህ አያ ሰይድ መጀመሪያ በራሳቸው አምባር ይወጡና ይመለሳሉ፤ የራሳቸውን አውልቀው መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ፤ የይመርን በአጥሩ ላይ ይቀበላሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። አምባሩ ድካምን እንጂ ደካሚውን አይጠይቅም። ሳምንቱ ሳይሞላ የይመር በር አረንጓዴ ሆነ። ሽማግሎቹ ተመልሰው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ራህመትን ጠይቀው ቃል ተቀበሉ።

ሳምንቷ ግን ክረምቱን ይዛ አለፈች።

"ነገ ራሴ እጀምራለሁ" ይላል ይመር በየጠዋቱ አምባሩን ሲያቀብል። ሲለው ከልቡ ነው። ሚስቱ ዘሀራ አራዳ ያለችውን የጨርቅ ሱቋን ለመክፈት ማልዳ ስትወጣ እሱም ጫማውን አጥልቆ በጓሮ በር ይወጣል። አጥሩ ጥግ ቆሞ ሄዳ እስክትርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የጫማውን ሶል እርጥብ አፈር ይቀባዋል። ተራራ የወጣ ጫማ ንጹሕ አይሆንምና። አፈሩን ቀብቶ ሲጨርስ የሚያልበውን ላብ ያህል ቢራመድ ኖሮ ሆጤን አንድ ጊዜ በዞረ ነበር። ይህንንም ያውቃል።

እስከ ቀትር አይወጣም፤ ባዶ ክንዱን ሰው ያይበታላ። መስኮቱን ዘግቶ ይበላል። በሩ አረንጓዴ ስለሆነ ቅቤ ነጋዴዋ ሳታንገራግር ትመዝንለታለች። ገብስ አስፈጭቶ በቅቤ ጭኮ ይለውስና ውሃ ማጠራቀሚያው በስተጀርባ ይደብቀዋል። አምባር በሌለበት ክንድ የሚበላ ምግብ ያልተበላ ያህል ነበር የሚቆጥረው።

በቅሬው ስብሰባ ላይ ዳኛው አቶ ካሳው አስነሱት። "ይህን ሰው እዩ" አሉ። "ከቀይ ተነስቶ ነው። እንዴት እንዳደረግኸው ንገራቸው።" ይመር ቆመ። ዋናው ነገር ጠዋት ብዙ ሳያስቡ ጫማ ማሰር ነው አለ። እግር አንዴ ከደጅ ከወጣ ልብ ይከተላል አለ። ሲናገር ድምፁ አማረለት፤ ራሱም ሊያምን ምንም አልቀረው። አንዱ ከኋላ "ቦርጩስ?" ሲል አቶ ካሳው ቆጣ ብለው "ቦርጭ መጨረሻ ነው የሚለቅ፣ በሩን እይ" አሉት። ሰውም ዓይኑ ያየውን ትቶ በሩን አመነ። ከወር በኋላ አህመዴ የሚባል የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ መንገድ ላይ አስቁሞ እጁን ሳመው። ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል። "ባንተ ንግግር ነው የዳንኩት" አለው። "ጠዋት ሳላስብ ጫማዬን አስራለሁ።" ይመር ያን ዕለት ጭኮውን ሳይነካው ዋለ። በማግስቱ በላው።

የአያ ሰይድ ትንፋሽ ሲያፏጭ መስማቱንም አይክድም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አምባሩን ሲመልሱ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር።

"ደከመዎት እንዴ?"

"ጭቃው ነው የሚያዳልጥ። መስከረም ሲጠባ ይደርቃል።"

"እኔ እኮ ነገ . . ."

"አዎ፣ ነገ። ስትወጣ ጥራኝ፣ አብረን እንወጣለን። አንተን እየጎተቱ መውጣት ለኔም ጨዋታ ነው።"

ሰውዬው የቀለዱ እንደሆነ ይመር ማመን ፈለገ፤ አመነም።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ደረቀ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ይመር መስኮቱን ዘግቶ ጭኮውን ሲያድበለብል ጥሩንባ ሰማ። ጥሩንባው ድሮ በሰው አፍ ይነፋ ነበር፤ አሁን ከየምሰሶው ይሰማል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ማን ይሆን ብሎ ጆሮውን ቀሰረ።

"ይመር አበጋዝ አርፏል። ይመር አበጋዝ አርፏል። ቀባሪ ይውጣ።"

አፉ ውስጥ የነበረውን ዋጠ። በኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚያሸማቅቀው ይህ ነበር። ስሙ ለሞት ሲጠራ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዋጥ ነበር።

ቀጥሎ ተበላሽቷል አለ በልቡ። ቀጥሎ፣ አምባሩ ከአያ ሰይድ ክንድ ወልቆ ገደል ገብቶ ይሆናል አለ። ነገር ግን የወለቀ አምባር መብራት ያደበዝዛል እንጂ አያነጣም። በመስኮቱ ስንጥቅ አሻግሮ ሲያይ የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ብርሃን ፈሷል። የአጥሩ በር ራሱን ከፈተ፤ ለሐዘን የሚመጣ ሰው ማንኳኳት የለበትምና በሮች ያን ቀን ለሁሉም ይከፈታሉ።

ነጭ መብራት ሰውን አያስቸኩልም። ይመር ይህን ያውቃል። ቅሬው አምባሩ ወዳለበት ሰው ልኳል፣ የተላኩትም ቃሬዛ ይዘው፣ ለቃሬዛው ገመድ እየፈለጉ፣ እግረ መንገዳቸውን ሰው እየጠሩ ነው የሚወጡት። የሞተ ሰው ሊያመጡ ነው የሄዱት። ወጥቶ "ሩጡ፣ አያ ሰይድ ናቸው፣ ምናልባት ገና አልሞቱም" ቢላቸው ይሮጣሉ። አምባር ይሳሳት ይሆናል። ሐኪም ይጠሩ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ከዚያች ክፍል መውጣት ብቻ ነበር።

ከበሩ ማዶ ግን ራህመት አለች፣ ቃል የተቀበሉት ሽማግሎች አሉ፣ አህመዴ እጁን የሳመለት ንግግር አለ። ይመር ወደ ጓዳ ገብቶ መጋረጃውን ሳበ።

ግቢው በሴቶች ሞላ። ከሁሉ ቀድማ የገባችው ድምፅ የቅርብ ነበረች፤ የአያ ሰይድ ሚስት፣ እትዬ ከድጃ። ደረታቸውን እየመቱ ሲመጡ ሰማቸው። እኚህ ሴት ራህመት ስትወለድ ገላዋን ያጠቡ፣ ዘሀራ ስትታመም ጡቷን ለልጅ ይዘው ያስጠቡ ናቸው። እያለቀሱ ሙሾ ያወርዱ ጀመር፦

"ተራራው ሲያውቀው ያን ብርቱ እግርህን፣
ምነው ሳትነግረኝ ወሰድከው ልብህን።"

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እሳቸውም ደገሙት። ይመር መጋረጃውን በጥርሱ ነከሰ። ለሱ የሚያለቅሱት ለራሳቸው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጓዳ ተደብቋል። ትንሽ ልቆይ አለ። ዝም ቢሉ፣ ትንፋሽ ቢወስዱ፣ ያኔ እወጣለሁ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። "ሰይድን ማን ይንገረው" አሉ በለቅሶ መሀል። "ተራራ ላይ ነው እኮ። ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚጎዳው፣ ልጁ ነበር እኮ።"

ይመር መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ድምፃቸው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። አንዷ ቢስሚላህ ብላ ወደ ግድግዳው ተጣበቀች። እትዬ ከድጃ ብቻ ቆመው አዩት። ከዚያ ዘለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

"አለህ" አሉ። "አለህ፣ አለህ፣ አለህ።" በሁለት እጃቸው ፊቱን ዳበሱት፣ ደረቱን መቱት፣ ሳቁ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። "አንቺ ምን ትደበቂያለሽ፣ ሰው ነው፣ ጂኒ ጭኮ ይሸታል እንዴ? አንተ ባለጌ፣ በቁምህ አስለቀስከን። ቆይ ሰይድ ይምጣ። ሲሰማ አይለቅህም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቅብህ።"

"እትዬ" አለ ይመር።

"ምነው?"

"እትዬ ከድጃ . . ."

"ምን ሆንክ? ደነገጥክ? ቁጭ በል። ውሃ አምጡለት።" ሊያስቀምጡት ክንዱን ሲይዙ እጃቸው ባዶው ቦታ ላይ አረፈ፤ የአምባር ማሰሪያ በሌላው ሰው ክንድ ላይ የሚተወው ነጣ ያለ መስመር እሱ ላይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አገላብጠው አዩት። "አምባርህስ?"

ይመር መልስ ነበረው። ወደቀብኝ ሊል ይችል ነበር። ለጥገና ሰጠሁት ሊል ይችል ነበር። ውሸቱ ምላሱ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ አየው፣ ክረምቱን ሁሉ እንዳገለገለው።

"አያ ሰይድ ዘንድ ነው" አለ። "እሳቸው ናቸው የሚወጡልኝ። እኔ አንድም ቀን አልወጣሁም።"

እትዬ ከድጃ ወዲያው አልገባቸውም። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ፣ ባለቤቱ እንደረሳው ነገር። ከዚያ በተከፈተው በር አሻግረው ጦሳን አዩ። ክንዱን ለቀቁት። ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ አዩ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ ቀስ ብለውም ጠረጉት፣ ቁጭም አሉ። ለራሳቸው ሲሆን ድምፅ አልወጣቸውም።

ዘሀራ የደረሰችው ያኔ ነው። ከአራዳ ድረስ እየሮጠች፣ ሻሿ ወልቆ። ባሏን ቆሞ ስታየው ግድግዳውን ያዘች። ከሱ ወደ እትዬ ከድጃ፣ ከእትዬ ከድጃ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የጭኮ ሳህን ተመለከተች።

"ቤት ውስጥ ነበርክ?" አለችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

አያ ሰይድን ከቀትር በፊት አወረዷቸው። ይመርን ሊያመጡ የሄዱት ጎልማሶች ያገኙት እሳቸውን ነበር፤ ከአንድ ባሕር ዛፍ ስር በጎናቸው ተጋድመው። አቶ ካሳው ሲናገሩ ማንንም ለመጉዳት አልነበረም፤ ነገሩን እንደነበረ ለሰዉ ሲያስረዱ ነው። "ስንደርስ ገላቸው ገና ይሞቅ ነበር" አሉ። "አልቸኮልንም። ነጭ ነው ብለን አልቸኮልንም።"

በአያ ሰይድ በር ላይ መብራቷ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆና ቀረች፤ የራሳቸው አምባር መደርደሪያ ላይ እያረፈ ነበርና እሷ እንደምታውቀው ባለቤቷ ደህና ነው። ድንኳኑ ከስሯ ተተከለ። የይመር በር ነጭ ነው። ሊያጠፋው የሚችለው ቅሬው ሲሆን ቅሬው አላጠፋውም። የሥራው ስክሪን ተቆልፎ ለቤተሰቡ የሐዘን መግለጫ ልኮለታል። ይመር መግለጫውን ራሱ አነበበው። ትጉህ ሠራተኛ ነበር ይላል።

ቅሬው የተሰበሰበው በቆመበት ነው፤ ሬሳው መቀበር አለበት፣ ረጅም ንግግርም አያስፈልግም። ይመር ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ሰማ። አቶ ካሳው ፊቱን ሳያዩ ተናገሩት።

"መሃላ በልተሃል። የማለ ሰው ክንዱ አይፈተሽም ብለን ስላመንን ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥተሃል። ቤትህ እሳት የሚጭር፣ ደጅህ የሚቆም የለም። ስትሞት ጥሩንባ አይነፋልህም። ዛሬ የተነፋልህ ይበቃሃል። ቃሬዛውንም አትንካ።"

ሰዉ አላጉረመረመም። አህመዴ ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሞ ነበር። ይመር ሊሄድ ዘወር ሲል ከቤቱ ደጃፍ ድምፅ መጣ።

"ይሸከም።"

እትዬ ከድጃ ነበሩ። ጥቁር ለብሰው መቃኑን ይዘዋል።

"እትዬ ከድጃ፣ ቅሬው ወስኗል" አሉ አቶ ካሳው።

"ቅሬው የራሱን ይወስን። ሬሳው የኔ ነው። ይሸከም።" ከዚያም ጨመሩ፦ "ማንም ግን እንዳይቀበለው።"

ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ባንድ ትከሻ መቃብር አይደርስም። ጥቂት እንደሄዱ ከሰልፉ አንዱ ቀረብ ብሎ "ለኔ" ይላል፤ ትከሻውን ከእጀታው ስር ያስገባል፣ የደከመው ይወጣል። ሁሉም የመሸከሙን ምንዳ ያገኝ ዘንድ ይሽቀዳደማሉ። ይመር የፊት ግራውን እጀታ ያዘ። ሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች "ለኔ፣ ለኔ" እየተባባሉ ተለዋወጡ። በሱ በኩል የሚመጣ ሰው አልነበረም።

የመቃብሩ መንገድ ዳገት ነው። መጀመሪያ ትከሻው ነደደ፤ ከዚያ ትከሻ መሆኑን ረሳው። ትንፋሹ ከዱዓው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር፤ ይህን አውቆ ሊያፍነው ሲሞክር ይብስበታል። ሸሚዙ ከቦርጩ ላይ ተገልጦ ወጣ፣ ሊያወርደው ነጻ እጅ የለውም። እሱ ሲያዘግም ሌሎቹም አዘገሙ፣ እነሱ ሲያዘግሙ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ አዘገመ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አይዞህ አላለውም። ከተማው በሙሉ በሱ እርምጃ ልክ ነበር የሚሄደው።

ዳገቱ መሀል ላይ አንድ ጉልበቱ ከዳው። ቃሬዛው አዘነበለ። በጋቢ የተጠቀለለው ገላ በገመዱ ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ይመር ዞረ፤ ራሳቸው ከሱ ጆሮ አጠገብ አረፈ። አያ ሰይድ አንድ ነገር ሊያሾፉበት የተጠጉ መሰለው። አንድ ወጣት ልማዱ ሆኖበት "ለኔ" ብሎ እጁን ሰደደ፤ ከኋላው ያለው ሰው ልብሱን ይዞ መለሰው።

"ተወኝ" አለ ይመር። ለማን እንዳለው አይታወቅም። መሬቱን በእጁ ገፍቶ ተነሳ።

ደረሱ። ፀሐይ ልትገባ ተቃርባ ነበር፤ የዚያን ያህል የዘገየ ቀብር ሰዉ አያስታውስም። አፈሩ ሲመለስ ይመር ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆመ። ግራ ትከሻው ወርዶ ቀርቷል፣ ቀና ሊያደርገው ቢሞክርም እምቢ አለው።

ከቀብር የተመለሰ ሰው ሁሉ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይገባል፤ እጁን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል። ይመር ሰዉን አስቀድሞ ከሁሉ ኋላ መጣ። ደጃፉ ጋ ቆመ። እትዬ ከድጃ ከውስጥ አይተውት ወጡ።

"ከበደህ?" አሉት።

አልከበደኝም ሊል ነበር፤ ሰው ለሐዘንተኛ የሚለው እንዲያ ነውና።

"ከበደኝ፣ እትዬ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸው ይመር የሚይዘው ነገር ባገኘ።

"ክረምቱን ሁሉ አንዴ ወጥቶ ገብቶ፣ ቁርሱን ሳይጨርስ ደግሞ ሲነሳ፣ ምን ልታደርግ ነው እለው ነበር" አሉ። "'ተራራው ላይ አንድ ዕቃ ረስቼ መጣሁ' ይለኛል። ሰው ይዘህ ሂዳ፣ ታዲያ በየቀኑ ብቻህን የምትመላለሰው ዕቃዋ ምን ብትከብድ ነው ስለው፣ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? 'ኧረ ቀላል ናት' ይለኛል። 'ቀላል ናት ከድጃ፣ አመጣታለሁ።'"

ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን አልዘጉትም። ይመር ግን አልገባም።